የኔታን ማን ጦረ?

ጋፋት ሲነሣ ሴባስቶፖል አብሮ ይነሣል። ከደብረ ታቦር ከተማ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቃ ባለችው በዚያች ስፍራ ዐፄ ቴዎድሮስ ያሠሩት፣ ክብደቱ ወደ ሰባት ሺህ ኪሎ የሚገመተው መድፍ የመንደሯን ታሪክ ጠቅልሎ ወስዶታል። መድፉን ያቀለጡት ሰዎች መምህራንም እንደ ነበሩ የሚያስታውስ ጥቂት ነው። ማንበብና መጻፍ ከእጅ ሙያ ጋር የሚሰጥበት ትምህርት ቤት ጋፋት ላይ ነበር፤ የአገሬው ወጣቶችም ከምድጃው ዳር ሲሠሩ ይማሩ ነበር። መምህራኑን የሚቀልባቸው ንጉሡ ነው። በደብረ ታቦር አካባቢ የአንድ መምህር ጉሮሮ በደብር ወይም በመንደር መሆኑ ቀርቶ በመንግሥት እጅ ላይ ሲወድቅ ይህ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ሳይሆን አይቀርም።

መምህር ሲደክም ማን ይጦረዋል የሚለው ጥያቄ ግን ከጋፋት ይቀድማል። ጥያቄው ዛሬም ከጡረተኛ መምህራን መደራጀት ጋር እየተነሣ ነው። መልሱ ባለፉት ሁለት መቶ ዓመታት ሦስት ጊዜ ተለዋውጧል።

ከጋፋት በፊት በነበረው ዘመን በበጌምድር መምህር ማለት የኔታ ነው። ድጓ የተማረ ሰው ጋይንት ሄዶ ቤተልሔም ሳይመሰክር «ድጓ ዐወቅሁ» ቢል የሚያምነው የለም። ዝማሬና መዋሥዕት የሚሻ ዙር አምባ ይወጣል። ተክሌ የሚባለው አቋቋም ደግሞ መናኸሪያው ደብረ ታቦር ኢየሱስ ነው፤ የፎገራው ናበጋ ጊዮርጊስ ተወላጅ አለቃ ገብረ ሐና ጀምረው በልጃቸው በተክሌ ስም የሚጠራው ስልት እዚያ ተስፋፍቷል። ሕዝቡ አለቃን የሚያስታውሳቸው በቀልዳቸው ነው። እሳቸው ግን ከቀልደኛነታቸው በፊት የጉባኤ መምህር ናቸው።

የየኔታ ኑሮ በሦስት ወገን ይደገፍ ነበር። አንደኛው የደብሩ መሬት ነው። መሬቱ ለአገልግሎት የተሰጠ ስለሆነ ባለ ድርሻው ይቀድስበታል፣ ያስተምርበታል ወይም ይዘምርበታል፤ ሲደክም ልጁን ወይም ሌላ አገልጋይ ተክቶ ድርሻውን ይይዛል። ሁለተኛው ተማሪው ነው። ደቀ መዝሙሩ ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ ውሻ እየተከላከለ «ስለ እመቤታችን» ሲል የሚያገኘው ቁራሽ የራሱ ቀለብ ነው። ለየኔታ ደግሞ እንጨት ይሰብራል፣ ውኃ ይቀዳል፣ በመኸር እህላቸውን ያጭዳል፣ ይወቃል። ሦስተኛው ሰንበቴውና የጽዋ ማኅበሩ ነው፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከሰንበቴው ቤት እንጀራና ጠላ ሲቀርብ የደከመው መምህር ቦታ አለው።

ስለዚህ የኔታ ጡረታ አይወጡም። እግራቸው ሲከዳቸው ከጎጇቸው በር ላይ አጎዛ ተነጥፎላቸው ይቀመጣሉ። የበቃው ደቀ መዝሙር ጀማሪዎቹን ያስቀጽላል፤ ዜማው ከመስመር ሲወጣ እሳቸው ካሉበት ሆነው ያርማሉ። ዐይናቸው ቢጠፋም መምህርነቱ አይቀርባቸውም፤ ድጓውም ቅኔውም በቃል የተያዘ ነውና ዐይነ ስውር የጉባኤ መምህራን በአብነት ትምህርት ቤት ብርቅ አልነበሩም። በነሐሴ 13 የሚውለው የደብረ ታቦር በዓል ለቆሎ ተማሪ ከዓመት በዓላት ሁሉ የበለጠ የራሱ ነው። ከምእመናን እህል ለምኖ፣ ጠላ አስጠምቆ፣ ዳቦ አስጋግሮ፣ መምህሩን ከራስጌ አስቀምጦ የአገሩን ሽማግሌዎች ይጋብዛል። በዓመት አንድ ቀን ለማኙ ጋባዥ ይሆናል።

ይህን ሥርዓት ዛሬ ላይ ሆኖ ማሞካሸት ቀላል ነው፤ ጉድለቱም ግን የዚያኑ ያህል ነበር። የደብሩ አለቃ ፊቱን ያዞረበት መምህር መሬቱን ሊያጣ ይችላል። ቸነፈርና ጦርነት ሲመጣ ተማሪው ይበተናል፤ የኔታም ከነሽምግልናቸው ባዶ ጎጆ ውስጥ ይቀራሉ። የበጌምድር ደጋ ደግሞ ጦርነት ያልጎበኘው ዘመን ጥቂት ነው። ራስ ጉግሳ መርሶ ደብረ ታቦርን ከቆረቆሯት ጊዜ ጀምሮ ከተማዋ የየጁ መሳፍንት መቀመጫ ሆናለች፤ በ1834 ዓ.ም. ራስ ዓሊና ደጃች ውቤ የተዋጉት እዚያው ነው። የዘመተ ሠራዊት የሚበላው ከባላገሩ ጎተራ ነውና የቆሎ ተማሪው የሚለምንበት ደጅ ይዘጋል።

የመጀመሪያው ለውጥ የመጣው ከዐፄ ቴዎድሮስ ነው። ንጉሡ ከካህናት ጋር የተጋጩት በብዙ ነገር ቢሆንም ከሁሉ የከረረው የመሬት ጉዳይ ነበር። ለአንድ ቤተ ክርስቲያን ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ይበቃል፣ የተረፈው መሬት ለሠራዊቱ ይሁን አሉ። ካህናቱ አንቀበልም ቢሉም ጥቂት ዓመታት ቆይተው፣ እ.ኤ.አ. በ1860፣ መሬቱን ወሰዱ። ለሁለት ቄስና ለሦስት ዲያቆን በተሠፈረው ድርሻ ውስጥ ለጉባኤ መምህር የሚሆን ቦታ አልተተወም። ስለ ቴዎድሮስና ስለ ቤተ ክህነት ጠብ ብዙ ተጽፏል። ይህ እርምጃ የአረጋዊ መምህራንን መጦሪያ ከሥሩ መንካቱ ግን በአብዛኛው ሳይጠቀስ ይታለፋል።

በዚያው ዘመን ጋፋት ላይ ሌላ ዓይነት መምህር ተተከለ። ከኢየሩሳሌሙ የአንግሊካን ጳጳስ ከሳሙኤል ጎባት ጋር ተነጋግረው የመጡት፣ በስዊዘርላንድ ቅዱስ ክሪሾና የተማሩት ወጣት ሚሲዮናውያን፣ ቤንደር፣ ማየር፣ ኪንዝለን፣ ዛልሙለርና ቫልድማየር፣ የታሰበው መጽሐፍ ቅዱስ እንዲያስተምሩ ነበር። ንጉሡ ግን የእጅ ሙያቸውን ፈለጉት። መድፍ መሥራት አንችልም ብለው ቢያመለክቱም አጥብቀው ስለያዟቸው ሞክረው ሠሩ። ፖላንዳዊው ሞሪትዝ ሆልና ፈረንሳዊው ጠመንጃ ሠሪ ቡርጎ ተጨመሩላቸው። ብር፣ በቅሎና የክብር ልብስ ተሸለሙ። ቫልድማየርና ዛልሙለር የንጉሡ ወዳጅ የነበረውን የእንግሊዛዊውን የጆን ቤልን ሴቶች ልጆች አግብተው ቤት ሠሩ።

የጋፋት ሰዎች የቆሙት በአንድ ምሰሶ ላይ ነበር። ንጉሡ ሲቆጡ መንደሯ ትንቀጠቀጣለች፤ ሲወዱ ትጠግባለች። ጥቅምት 1860 ዓ.ም. ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥለው፣ ሴባስቶፖልን በሰው ጉልበት እያስጎተቱ ወደ መቅደላ ሲነሡ አውሮፓውያኑ የእጅ ባለሙያዎችም አብረው ተነሡ። መንገዱ ስድስት ወር ያህል ፈጀ። ሚያዝያ 6 ቀን ንጉሡ መቅደላ ላይ ሲወድቁ የጋፋት ትምህርት ቤትም አብሮ አበቃ። ሞሪትዝ ሆል ጃፋ ከተማ ሰፈረ። ቫልድማየር ወደ ሊባኖስ ተሻግሮ በ1873 እ.ኤ.አ. ብሩማና ላይ ትምህርት ቤት ከፈተ፤ በሸመገለ ጊዜ ደግሞ አስፉሪዬ የተባለውን የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል መሠረተ። የሕይወት ታሪኩንም በ1886 እ.ኤ.አ. አሳትሟል። በየሄዱበት የሚቀበላቸው ማኅበር ስላገኙ እርጅናቸው አልከፋም። ጋፋት ላይ የቀሩት የአገሬው ተማሪዎች እንዲህ የሚቀበል ማኅበር አልነበራቸውም።

ሁለተኛው ለውጥ እስኪመጣ ዘጠና ዓመት ያህል አለፈ። በመካከሉ የኔታዎቹ ወደ ደብሮቻቸው፣ ደብሮቹም ወደ መሬታቸው ተመለሱ። ከጣሊያን ወረራ በኋላ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ወደ አውራጃ ከተሞች ሲዘልቁ ደመወዝተኛ መምህር መጣ። ይህ መምህር ኮት የሚለብስ፣ በወር አንድ ቀን ደመወዝ የሚቀበል፣ በዝውውር ደብዳቤ ከደብረ ታቦር ወደ ነፋስ መውጫ፣ ከነፋስ መውጫ ወደ አዲስ ዘመን የሚላክ ሰው ነው። መሬት የለውም፤ በሚያስተምርበት አገር ዘመድም ላይኖረው ይችላል። እንጨት የሚሰብርለት ደቀ መዝሙር ቢያገኝ እንኳ ወላጅ ይከሰዋል። ለእርጅናው የተበጀለት ሕግ ነው፤ በ1953 ዓ.ም. በድንጋጌ ቁጥር 46፣ ከዚያም በአዋጅ ቁጥር 209/1955 የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ ተደነገገ።

የሕጉ ስሌት ለብዙው ሰው ጨለማ ነውና አንድ ምሳሌ ማስላት ሳይሻል አይቀርም። እስከ 2014 ዓ.ም. በሥራ ላይ በነበረው በአዋጅ ቁጥር 714/2003 መሠረት አሥር ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ ለጡረታ ሲደርስ የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዙ 30 ከመቶ ይከፈለው ነበር። ከአሥር በላይ ላገለገለበት ለያንዳንዱ ዓመት 1.25 ከመቶ ይጨመር ነበር፤ ጠቅላላው ግን ከ70 ከመቶ አያልፍም ነበር። በ20 ዓመቱ ጠመኔ ይዞ በ60 ዓመቱ ያስቀመጠ መምህር 30 ከመቶውን ይዞ ለተቀሩት 30 ዓመታት 37.5 ይጨመርለት ነበር፤ ድምሩ 67.5 ከመቶ ነው። በወረቀት ላይ ደህና ነው። ዋጋ ሲወጣ ግን አበሉ አብሮ አይወጣም፤ መንግሥት አልፎ አልፎ ማስተካከያ እስኪያደርግ ጡረተኛው የሚኖረው በድሮ ደመወዙ ሁለት ሦስተኛ ነው።

የጡረታ ሕጉ መምህሩን በግለሰብነቱ ያውቀዋል። በኅብረት የሚያውቀው ሌላ አካል ቀደም ብሎ በ1941 ዓ.ም. ተመሥርቷል፤ የኢትዮጵያ መምህራን ማኅበር። አጀማመሩ አዲስ አበባ ላይ ሲሆን በ1950ዎቹ መጨረሻ አገር አቀፍ ሆነ። ጉልበቱ የታየው የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. ነው። ሴክተር ሪቪው የተባለው የትምህርት ጥናት የድሃውን ልጅ ከትምህርት፣ መምህሩንም ከደመወዝ ዕድገት ያስቀራል ተብሎ መምህራን ሥራ አቆሙ፤ በዚያው ቀን የአዲስ አበባ ታክሲዎችም ቆሙ። መንግሥት በጥቂት ቀናት ውስጥ ጥናቱን ለማቆየት ተገደደ። አድማው የሠራው ዋና ከተማው ስለቆመ ብቻ አይደለም። በየአውራጃው ያለው መምህር፣ ከአዲስ አበባ የሚመጣውን ቃል በአንድ ቀን የሚያደርስና የሚያስፈጽም የቅርብ ሰው ስለነበረው ነው።

ዓመት ጥቂት እንዳለፈ ሦስተኛው ለውጥ መጣ፤ የየኔታ መጦሪያ ለሁለተኛ ጊዜ ተመታ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ የደብር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሆነ። ቴዎድሮስ የጀመሩትን ደርግ ፈጸመው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ባላገሩ ለራሱ መሬት አግኝቷል፣ ይህ በራሱ ትልቅ ነገር ነው። የጉባኤ መምህሩ ግን በምእመኑ ችሮታ ላይ ወደቀ፤ ለእሱ የተሠራ የጡረታ አዋጅ አልነበረም። አንድ አገር ውስጥ፣ አንዳንዴም አንድ ቀበሌ ውስጥ፣ አበል ያለውና አበል የሌለው መምህር ጎን ለጎን አረጁ።

በዚያው ዘመን ሌላ ትውልድ ወደ መምህርነት ገባ። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲታወጅ ብዙ ወጣት ወደ ገጠር ወርዶ ገበሬውን ፊደል አስቆጠረ፤ ዘመቻው በቀጣዩ ዓመት የዩኔስኮን ሽልማት አግኝቷል። ያን ጊዜ 20 ዓመት የሞላው መምህር 60 ዓመት የሞላው በ2011 ዓ.ም. ነው። በደቡብ ጎንደር ከተሞች ዛሬ ጋቢ ደርቦ ፀሐይ የሚሞቀው ጡረተኛ መምህር የዚያ ትውልድ ሰው ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ ለማኅበሩ መዋጮ ከፍሏል።

ነገሩ የሚወሳሰበው እዚህ ላይ ነው። መዋጮው የሚቆረጠው ከደመወዝ መክፈያ ሰነዱ ላይ ነው። ስሙ ከሰነዱ በወጣበት ወር የማኅበሩም ክር ይበጠሳል። አርባ ዓመት አባል የነበረው ሰው አባል መሆኑ የሚያበቃው ማኅበሩ በሚያስፈልገው ሰዓት ነው። የመዋጮ ቆረጣ እንዴት ያለ መሣሪያ እንደሆነ የማኅበሩ ታሪክ ራሱ ይመሰክራል። በ1985 ዓ.ም. አካባቢ የመምህራን ማኅበር ለሁለት ሲከፈል ከጠቡ ዋና ዋና ነጥቦች መካከል ስሙ፣ ንብረቱና ይኸው ከደመወዝ የሚቆረጠው ገንዘብ ነበሩ። የነባሩ ወገን ፕሬዚዳንት ዶክተር ታዬ ወልደ ሰማያት በ1988 ዓ.ም. ታስረው ስድስት ዓመት ያህል ቆዩ። የማኅበሩ አመራር አባል አቶ አሰፋ ማሩ ሚያዝያ 30 ቀን 1989 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በፖሊስ ተገደሉ። ክርክሩ ወደ ዓለም ሥራ ድርጅት ዘንድ ደረሰ። በመጨረሻ በ2000 ዓ.ም. የሰበር ሰሚ ችሎት ስሙንና ንብረቱን ለሌላኛው ወገን አጸና። ይህ ሁሉ ሲሆን በላይ ያሉት ስለ ሕንፃና ስለ ማኅተም ሲሟገቱ፣ በታች ያለው ጡረተኛ የማንም አጀንዳ አልነበረም።

የጡረተኛው ጣጣ የሚጀምረው ከፋይሉ ነው። አበሉ የሚሰላው በአገልግሎት ዘመን ስለሆነ እያንዳንዱ የተዘለለ ዓመት 1.25 ከመቶ ያጎድላል። መምህሩ ስማዳ የጀመረ፣ እስቴ የቀጠለ፣ እብናት ያለፈ፣ ደብረ ታቦር የጨረሰ ይሆናል። በመካከሉ መንግሥት ሁለት ጊዜ ተለውጧል፤ አውራጃ ፈርሶ ዞን ተተክሏል፤ የጎንደር ክፍለ ሀገር ተከፋፍሏል። ዕድሜውም የሚታየው መጀመሪያ ሲቀጠር ባስመዘገበው የልደት ዘመን ነው፤ ያኔ በግምት የተሞላ ቁጥር ከአርባ ዓመት በኋላ ይፈርድበታል። እንዲህ ላለ ሰው ከአዲስ አበባ የሚመጣ መግለጫ ምንም አይፈይድለትም። የሚፈይድለት «እኔና እሱ በዚያ ዓመት እዚያ ትምህርት ቤት አብረን አስተምረናል» ብሎ የሚመሰክር ባልደረባ ነው፤ የድሮውን የአውራጃ ጽሕፈት ቤት መዝገብ የትኛው ክፍል እንዳስቀመጡት የሚያውቅ ጸሐፊ ነው። ይህን ሥራ የሚሠራው የቅርቡ ቅርንጫፍ ነው። ቅርንጫፍ በሌለበት ጓደኛ ይሠራዋል፤ ጓደኛው ከሞተ የሚሠራው የለም።

መምህራን በጡረታ ዘመን ለራሳቸው ቅርንጫፍ ሲያቆሙ ምን እንደሚሆን ከዓለም ታሪክ አንድ ጥሩ ምሳሌ አለ። በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ኤቴል ፐርሲ አንድረስ የተባሉ የሎስ አንጀለስ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር በ1944 እ.ኤ.አ. ጡረታ ወጡ። አንዲት የቀድሞ መምህርት ከዶሮ ቤት ውስጥ ስትኖር አገኟት እየተባለ ይነገራል። በ1947 የጡረተኛ መምህራን ብሔራዊ ማኅበርን መሠረቱ፤ ማኅበሩ ግን የተዘረጋው በየግዛቱና በየከተማው በነበሩት የጡረተኛ መምህራን ስብስቦች ላይ ነው። ሽማግሌን የሚያስተናግድ የጤና መድን ድርጅት ሲጠፋ ብዙ ኩባንያ አንኳኩተው በ1956 አንዱን እሺ አሰኙ። መምህር ያልሆኑ አዛውንቶችም እኛስ ስላሉ በ1958 ለሁሉም የሚሆን ማኅበር ተጨመረ፤ ዛሬ ኤኤአርፒ እየተባለ በዓለም ከታወቁት የአዛውንት ማኅበራት አንዱ ሆኗል። መነሻው መድኑ ነው የሚሉ አሉ። መድኑን የሚገዛ ሰው የተገኘው ግን ስም ዝርዝሩን የያዙ የሰፈር ጡረተኞች ስለነበሩ ነው።

እስከ ሎስ አንጀለስ መሻገር የማይፈልግ ሰው ከደብረ ታቦር ወደ ወረታ በሚወስደው መንገድ ቢወርድ ሌላ ምሳሌ ያገኛል። በፎገራ ወረዳ ዙምራ ኑሩ በ1964 ዓ.ም. የመሠረቱት የአውራምባ ማኅበረሰብ ጧሪ የሌላቸው አዛውንቶች የሚኖሩበት ቤት አለው፤ የሚንከባከቧቸውም የማኅበረሰቡ አባላት ናቸው። አውራምባ የመምህራን ማኅበር አይደለም፤ ሃይማኖታዊ አቋሙም ከደብሩ እጅግ የራቀ ነው። ቢሆንም በአንድ ነገር ከሰንበቴው ጋር ይመሳሰላል። የሚጦረው ሰውና ጧሪው በስም ይተዋወቃሉ።

በደቡብ ጎንደር ትምህርት ቤቶች ይህን መተዋወቅ እስካሁን ይዞ ያቆየው መሠረታዊ ማኅበሩ ነው፤ መሠረታዊ ማኅበር የሚባለው በአንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ያሉ መምህራን የሚመሠርቱት የመጨረሻው እርከን ነው። ከእሱ በላይ ወረዳ፣ ዞን፣ ክልል እያለ ወደ አዲስ አበባ ይወጣል። ባልደረባ ጡረታ ሲወጣ መዋጮ አሰባስቦ ጋቢ የሚያለብሰው፣ ሲታመም የሚጠይቀው፣ ሲሞት ተማሪ አሰልፎ የሚሸኘው እሱ ነው። መምህሩ ከወጣ ከአምስት ዓመት በኋላ ግን በዚያ ትምህርት ቤት የሚያውቁት ግማሾቹ ተዛውረዋል። ከዚያ ወዲያ የሚቀረው የሰፈር ዕድር ነው፤ ዕድር ደግሞ ከሕይወት ይልቅ ለቀብር የተሰናዳ ነው። በመሠረታዊ ማኅበሩና በዕድሩ መካከል ያለው ክፍተት የጡረተኛ መምህራን ቅርንጫፍ ቦታ ነው፤ በብዙ ወረዳ ዛሬም ባዶ ነው።

ቦታው ባዶ ይሁን እንጂ ሰዎቹ ሥራ አልፈቱም። የቀድሞ መምህራን በከተማው ሽማግሌ ሆነው ያስታርቃሉ፤ በቀበሌ ማኅበራዊ ፍርድ ቤት ዳኛ ይሆናሉ፤ በወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ይሰበሰባሉ፤ የዕድሩ ጸሐፊም ብዙውን ጊዜ ከእነሱ አንዱ ነው።  አንድ አረጋዊ መምህር ሲሞት ሚስቱ የአበሉ ግማሽ ይገባታል። መብቷን ለማስከበር የጋብቻ ማስረጃ፣ የሞት ማስረጃ፣ የባሏን የጡረታ መለያ ቁጥርና ፎቶግራፍ ይዛ ቢሮ ለቢሮ መሄድ አለባት። የፍትሐቱ እንግዳ ከተሸኘ በኋላ ወረቀቱን አንድ ባንድ አቃንቶ፣ ማመልከቻውን በዚያ በሚያምር የድሮ የሰሌዳ ጽሕፈቱ ጽፎ፣ «ነገ ጠዋት አብሬሽ እሄዳለሁ እመት» የሚላት አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ጡረተኛ መምህር ነው።